«ኃላፊው ተቀይረዋል» ላሉኝ ለቶኪዋዳ የስልክ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ለአቶ ኩኒማሳ ቶኪዋዳ
የቶኪዋዳ የስልክና የኔትወርክ መሣሪያዎች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኦሳካ

ክቡር ሆይ፣

የዝናቡ ወር አልፎ ሙቀቱ በበረታበት በዚህ ሰሞን ክቡርነትዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎና መላው ሠራተኛዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በካሚኖሃማ የገበያ መንገድ የምንኖር ደንበኞችዎ ደህና ነን፤ መብራት እስካልጠፋ ድረስ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በነጋዴዎች ማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስከ ዛሬ ለብቻዎ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች ያነበቧቸው በየጊዜው የተቀያየሩ ኃላፊዎች ስለሆኑ፣ ይህኛው እንኳ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ምስክር ይኑረው ብዬ ነው።

ቴሩኦ ሃማቤ እባላለሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ማኅተም መቅረጽ ነው። ጎረቤቶቼ ከድርጅትዎ ጋር ውል ሲዋዋሉ በየወረቀቱ ግርጌ የመቱትን የስም ማኅተም በሙሉ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ እንዲዋዋሉ የመከርኳቸውም እኔው ነኝ። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት ሳይሆን፣ ቅሬታዬን በቁጥር ሳቀርብልዎ እያንዳንዱ የት ቦታ እንዳመመኝ እንዲገባዎት ነው።

አንደኛ፣ አቶ ናጉራን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እኚህ ሰው ለብዙ ዓመታት የድርጅትዎ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነው ወደ መንገዳችን ሲመላለሱ፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይዘው፣ የሚሸጡት ነገር ባይኖራቸውም እንኳ «ለሰላምታ ብቻ ነው የመጣሁት» እያሉ ሱቄ ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ባለቤቴ በኮምጣጤ የዘፈዘፈችውን ራዲሽ እየበሉ ስለ ውሻዬ ወገብ ሕመም ይጠይቁኝ ነበር፤ ውሻው ሲሞትም አብረውኝ አዝነዋል። ዕድገት ሊያገኙ መሆናቸውን የነገሩኝም ለባልደረቦቻቸው እንኳ ሳይነግሩ ነው፤ ያን ዕለት ለአዲሱ ማዕረጋቸው የሚሆን ማኅተም አዘዙኝ። ታዲያ እኚህ ሰው «አሮጌው መስመር ጊዜው አልፎበታል፤ የመንገዱ ሱቆች በሙሉ ወደ ፋይበር ገብተው በአዲሱ ሣጥንና በአዲሱ ራውተር ቢሠሩ ይሻላል» ሲሉኝ ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ለመናገር እንደ ወንድሜ ነበር የማምናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ እሱንም የጠየቅኩት ለወይዘሮ ሙራኮሺ ስል ነው። ወይዘሮ ሙራኮሺ ከመንገዱ ጫፍ ያለችው አዋላጃችን ናት። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ስለተማርን፣ ደግሞም አንቱታዬን ሁሉ ለክቡርነትዎ ስላዋልኩት፣ እሷን አንቺ ማለቴን አይታዘቡኝ። እናቷም አዋላጅ ነበሩ፤ በበራቸው ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር ከእናትየው ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም፤ ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን የተቀበለችልኝም እሷ ናት። ስለ አዲሱ መሣሪያ ላስረዳት ስሄድ እጇን አወዛውዛ «ተወኝ ቴሩ፣ እኔ ሣጥኑም ራውተሩም አይገባኝም። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ የመስከረሙ አውሎ ነፋስ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይጮኻል ወይስ አይጮኽም? አሮጌው ይጮኻል» አለችኝ።

አቶ ናጉራ ጥያቄውን ስነግራቸው የሻይ ኩባያቸውን አስቀመጡና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሰብሳቢ፣ ይጮኻል። የመጠባበቂያ ባትሪ በእጄ አስገባለታለሁ። ለእሳቸው ቤት ኃላፊው እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄጄ «ይጮኻል ብለዋል» አልኳት። «አንተ ካልክ አለቀ» ብላ ማኅተሟን መታች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚያዝያ ወር ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ድርጅትዎ በየሚያዝያው ሠራተኛውን ከቦታ ቦታ የማዘዋወር ልማድ እንዳለው እናውቃለን፤ የማያደርግ መሥሪያ ቤትም የለም። አቶ ናጉራ ግን ሣጥኑን ተክለው ባትሪውን ሳያስገቡ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይሉን ሄዱ። በምትካቸው አቶ ሺጌኖ የሚባሉ ወጣት የስም ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው፣ የዮካን ጣፋጭ በብብታቸው ይዘው መጡና «ኃላፊው ተቀይረዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ፤ እባክዎ ይተባበሩኝ» አሉኝ። ስለ ባትሪው ስጠይቃቸው በጥርሳቸው መሐል አየር ስበው «በአዎንታ እንመለከተዋለን» ብለው መለሱልኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ አነጋገር በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ኢንሹራንስ ሊሸጡልኝ ለሚመጡ ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቃሉ አንዴ ከአቶ ናጉራ አፍ የወጣ ስለሆነ ለእኛ ይህ ትርጉም አይሠራም ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ በዚያ ላይ አዲስ ሰውን ገና በመጀመሪያ ቀኑ ማስጨነቅ ነውር ስለሆነ ዮካኑን ተቀብዬ አጎንብሼ ሸኘኋቸው።

ሦስተኛ፣ በመስከረሙ ነፋስ ቀን መሣሪያዎችዎ ስላሳዩት የሥራ ኅብረት። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ድርግም ሲል ራውተሩ፣ ሣጥኑና በመንገዱ ላይ ያሉት ስልኮች በሙሉ አንዳቸው ሌላውን ሳይቀድሙ በአንድነት ሥራ አቆሙ። ወይዘሮ ሙራኮሺ ቦርሳዋን አዘጋጅታ፣ የዝናብ ልብሷን ለብሳ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አለመጮኹን እንደ መልካም ዜና ቆጥራ «ዛሬስ ልጆቹ አስተዋይ ሆነዋል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ እየጠበቁ ነው» ብላ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። በዚያው ሰዓት ከወደቡ ማዶ የዓሣ አጥማጁ የዶኢ ሚስት ሚዮ ምጥ ይዟት ባሏ ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ እየደወለ ነበር።

አዋላጇ የኪስ ስልክ የላትም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አላት፤ ነገር ግን እናቶች በቃላቸው የያዙት፣ ከእናቶቻቸውም የተቀበሉት በበሩ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። «ያው ቁጥር ይቀጥላል፤ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም» ያሉንም የእርስዎ ሰው ናቸው። ዶኢ መልስ ሲያጣ ሚስቱን በትንሿ የጭነት መኪናው ጭኖ፣ ውሃ በሞላው መንገድ ነድቶ ከአዋላጇ በር ደረሰ። ሕፃኗ ግን በሩ እስኪንኳኳ አልጠበቀችም፤ መኪናው ወንበር ላይ ተወለደች። ልጅቱ ደህና ናት፤ እናትየው ብዙ ደም ፈስሷት ቅጠሉ እስኪቀላ ድረስ ሆስፒታል ተኝታ ዛሬ ድናለች። ወይዘሮ ሙራኮሺ ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ በበሯ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበትን ምልክት አወረደች። አዲስ እናት አትቀበልም፤ «ጠርተውኝ ያልሰማሁ ሰው ነኝ» ትላለች።

አራተኛው ቅሬታዬ አዲሱ ሣጥን ከተተከለ ወዲህ ኑድል ቤቱ ሲደወልለት ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ የሚጮኽ ስለመሆኑ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች በዚህ የተነሣ ወዳጅ ስለሆኑና ፀጉር አስተካካዩም ትእዛዝ መቀበል ስለለመደ ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ጣፋጮቹ። ከነፋሱ በኋላ አቶ ሺጌኖም ሚያዝያን ሳይጠብቁ ተቀይረው ስለነበር፣ ሦስተኛው ኃላፊ አቶ ኦቺአይ ይቅርታ ለመጠየቅ መጡ፤ ዮካኑ ከበፊቱ እጅግ ይከብድ ነበር። ጥፋቱ በከበደ ቁጥር ጣፋጩም እንዲከብድ ማድረግዎ የጨዋ ደንብ ነውና አደንቃለሁ፤ ሐኪሜም የደሜን ስኳር አይቶ ጥፋትዎ ምን ያህል እንደሆነ ተረድቷል። ከጣፋጩ ጋር በክቡርነትዎ ማኅተም የተላከልኝ ደብዳቤ ግን ለልቤም ለሆዴም አልተስማማኝም። «የተባለው ቃል በሠራተኛችን መሰጠቱን የሚያመለክት መረጃ በድርጅታችን ውስጥ አልተገኘም» ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር የአቶ ናጉራን ቃል ውሃ በላው፤ እኔም ውሸታም ሆኜ ቀረሁ።

ይህን ደብዳቤ ለወይዘሮ ሙራኮሺ ማሳየት ግዴታዬ ነበርና ወስጄ አሳየኋት። አንብባ አጠፈችውና «ይሁን ቴሩ፣ አልተቀየምኩህም። ሰምተህ ይሆናል፤ ተሳስተህም ይሆናል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ቆም ብላ፣ እጇን አጣምራ፣ በወጉ ታጎነብስልኛለች። በልጅነታችን ከወንዙ ዳር ጭቃ እያድቦለቦለች የምትወረውርብኝ ሴት ዛሬ እንደ ባንክ ሠራተኛ ሰላም ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ በኦሳካ መሥሪያ ቤትዎ ስለተደረገልኝ አቀባበል ነው። ዘንድሮ በጸደይ ወራት ጥቁር የክብር ልብሴን ለብሼ መጥቼ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ አቶ ናጉራ ሌላ ክፍል እንደተዛወሩና በዚህ ጉዳይ ኃላፊ እንዳልሆኑ በትሕትና አስረድታ፣ አራተኛውን ኃላፊ አገናኝታኝ፣ እሳቸውም በአዎንታ እንደሚመለከቱት ነግረውኝ ወጣሁ። አሳንሰሩ ውስጥ ገብቼ ዞር ስል አቶ ናጉራ ከአንድ ክፍል ወጡ። አዩኝ። እኔም ስማቸውን ጠራሁ። እሳቸው ግን በዚያው ቆመው፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ እንግዳ ሲሸኝ እንደሚደረገው የአሳንሰሩ በር እስኪዘጋ ድረስ አጎነበሱ። ክቡር ሆይ፣ ሠራተኞችዎ እጅግ የተማሩ ናቸው፤ ያን ያህል ዝቅ ብሎ ያጎነበሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ፊታቸውን ሳላይ በሩ ተዘጋ። ከኦሳካ እስከ ካሚኖሃማ በባቡር ስመለስ ከዓይኔ አልጠፋ ያለው ያጎነበሰው አናታቸው ነው። አንጀቴ አርሯል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ስላጣሁ እንዲሁ ብዬዋለሁ።

በመንገዳችን ደንብ ሰው ያስተዋወቀ ስለ ሰውየው ይቅርታ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ ወር መጀመሪያ የመጨረሻውን ዮካንዎን ይዤ ወደ ወይዘሮ ሙራኮሺ ሄድኩ። ሻይ አቀረበች፤ ጣፋጩን ቆርጣ ግማሹን ለእኔ አደረገች፤ ከዚያም ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው ዓይኔን እያየች «እስቲ ልጠይቅህ ቴሩ፤ የልጁ ራስ ወጥቶ ትከሻው ሲቀር፣ እኔ ብድግ ብዬ ‹አዋላጇ ተቀይራለች› ብልና ሌላዋ ዮካን ይዛ ብትገባ፣ እናትየው ምን ትለኝ ይመስልሃል?» አለችኝ። ጥያቄው የሚገባው ለክቡርነትዎ ስለሆነ እነሆ ሳልሸራርፍ አስተላልፌዋለሁ።

እኔ የምለምንዎ ካሣ አይደለም። ባትሪውንም ማኅበራችን ገዝቶ አስገብቷል፤ አሁን መብራት ቢጠፋም ስልኳ ይጮኻል፤ የሚያነሣው ሰው ግን ምልክቱን አውርዷል። አቶ ናጉራ የነፋሱ ወር ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን መጥተው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ጣፋጭ ሳይዙ፣ በወይዘሮ ሙራኮሺ በር ላይ ቆመው «ብያለሁ» ይበሉ። አንዲት ቃል ናት፤ እሷን የከዳት ሰው ማን እንደሆነ ትነግራታለች፤ ለእኔም ወዳጄን ትመልስልኛለች። ይህን በአዎንታ እንዳይመለከቱት አደራ እላለሁ።

ድርጅትዎ እንዲሰፋ፣ ስልኮችዎ በየቤቱ እንዲጮኹ፣ ሠራተኞችዎም የተናገሩትን እስከሚያስታውሱበት ቀን ድረስ ከአንድ ወንበር ሳይነሡ እንዲቆዩ ከልብ እየተመኘሁ፣ በማይቀየረው የስሜ ማኅተም ሥር በአክብሮት አጎነብሳለሁ።

ቴሩኦ ሃማቤ
የካሚኖሃማ የገበያ መንገድ ነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቶ ናጉራ ለዕድገታቸው ያዘዙኝን ማኅተም ጨርሼ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ ብዬ በመሳቢያዬ ውስጥ አቆይቼው ነበር። ከኦሳካ በተመለስኩ ማግሥት ግን አውጥቼ ስማቸውን ፍቄ ፊቱን ልሙጥ አድርጌዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ለሚቀጥለውም ኃላፊ ያገለግላል።