ኬኩ የገባበት በር

ካርቱም፣ ነሐሴ 1984

ወንደሰን፣

ከወንድሜ ከክንፉ መቃብር በተመለስን ማግስት፣ አብሮት ይኖር የነበረው ጋሼ ተስፋጽዮን «ያላ፣ ተነሥ!» ብሎ ሲኒማ ወሰደኝ። የዚህ አገር ሲኒማ ጣሪያ የለውም፤ ፉጨቱ ግን እንደኛው ነው። ፊልሙ ድምፅ ገና በመጣበት ዘመን የተሠራ ኮሜዲ ነው። ዳይሬክተሩን ብታየው! ድምፅ አገኘሁ ብሎ ሰው አያስለፈልፍም። አስተናጋጁ የሠርግ ኬክ ተሸክሞ ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ ካሜራው ውጭ ቀረ። ጓ! ሲል ሰማን፤ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ የሙሽራዋ ሳቅ። አስተናጋጁ ክራባቱን እያስተካከለ ቢላዋ ብቻ ይዞ ወጣ። አወዳደቁን ሳያሳየን ሰዉን ሁሉ በሳቅ አፈረሰው።

እኔም ጮክ ብዬ ሳቅሁና ደንግጬ አፌን ያዝኩ። ወንድሜ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጋሼ ተስፋጽዮን እጄን ከአፌ ላይ አነሣው።

«ሳቅ እንጂ! ክንፉ ይህ ፊልም በመጣ ቁጥር ያየው ነበር። እዚህ ጋ ሲደርስ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አይቀረው።»

ደርግን ሸሽቶ ከወጣ ወዲህ እኛ የምንሰማው ችግሩን ብቻ ነበር። ፖስት ካርዱ ሞላ። ለእናትህና ለክፍላችን ልጆች ሰላምታዬ ይድረስ። እማዬ ጋ ግን ራስህ ሂድና፣ ክንፉ እዚህ ይስቅ እንደነበር ንገርልኝ።

ሚኪያስ