የኢስራ የእንሽርት ውሃ

ለልጄ ለኢብሮ፤ ሰላምታዬ ከቆቦ ተነሥቶ ባሕሩን ይሻገር፣ ጅዳም ይግባልህ። ሙቀቱን እንዴት ቻልከው? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ማሽላውም ዘንድሮ አንገቱን ደፍቷል።

ሚስትህ ኢስራ ቀኗ ቢያልፍባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ «ሰኞ ያምጧት፣ የእንሽርት ውሃዋን አፍስሰን ምጥ እናስጀምራታለን» አለችኝ። «ጥበባችሁ ይቺው ናት? እኔ የስንቱን በጥፍሬ አፍስሻለሁ!» ብዬ ሳቅኩባትና እቤት መልሼ አፈሰስኩላት። ምጡ ግን አልፋፋም አለ። ዱአ የሚያደርጉት የሰፈሩ እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ተሰብስበው ሦስት ቀን ዱአ አደረጉላት። እሷ «እማ፣ ነርሷ ጋ ውሰጂኝ» ስትለኝ፣ «ወይ የዛሬ ልጅ! እኔ ስድስት ስወልድ ማንን ጠራሁ?» እያልኩ አጫውታት ነበር።

ወንድ ልጅ ነው፣ ቁርጥ አንተን፤ ሳያለቅስ ጌታው ወሰደው። ኢስራ ደህና ናት። ሽንቷ አልቆም ስላላት ብቻ ሽታው እንግዳ እንዳያሸሽ ከፍየሎቹ ጋ አንጥፈንላታል። ወረቀት ስጡኝ፣ ልጻፍለት ትላለች፤ ደክመሻል፣ እኔ እጽፍለታለሁ ብያታለሁ። ነርሷም ወሬ ትወዳለች፤ ሰው ልካብህ እንደሆን አትስማት።

ስትመጣ ከመኪና እንደወረድክ መጀመሪያ እኔን አነጋግረኝ፣ እሷ ጋ ኋላ ትገባለህ።

አላህ አንተን ለእኔ ያቆይልኝ።
እናትህ ሳሊሀ