ሐዘን ቤት የገባ የልደት ምኞት

ውድ ወንድሜና የሥራ ባልንጀራዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ አደራህ ነው። በታመምክበት ክፍል፣ የመስኮቱ ብርሃን እግርህ ላይ ወድቆ ሳለ፣ እጄን ይዘህ «ልጄ አንደበቷ ጣፋጭ ነው፤ አፍ ብቻ ሆና እንዳትቀር ጠብቅልኝ» ያልከኝን አልረሳሁም። አደራ የተቀበለ ሰው፣ ሰጪው በሕይወት ባይኖርም፣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ሙት መች ያነብና ትጽፍለታለህ?» የሚለኝ ቢኖር፣ «ሕያዋኑስ መች ያነባሉ?» እለዋለሁ።

እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ። ዛሬም በካርቶን ፋብሪካው የደብዳቤ ክፍል ተቀምጬ፣ ወደ ደንበኞች የሚሄደውን ጽሑፍ ሁሉ አርማለሁ። ወጣቶቹ «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ከኋላዬ ሲሉት እሰማለሁ፤ ዞር ስል ግን ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሯል። ያንተ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ አሁንም አንገቴ ወደዚያው ይዞራል፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅህ ስልክ ተቀባይ ሆና ገብታ፣ በኋላ ወደ ገበያና ደንበኛ አያያዝ ክፍል ተዛወረች። የዚያን ክፍል ሥራ ከቶ እንደማላምነው ታውቃለህ። ያደግሁት ከሸንጋይ ወዳጅ ግልጽ ጠላት ይሻላል እየተባልኩ ነው፤ ፈገግታ የደመወዝ አካል የሆነበት እንጀራ ለነፍስ ያሰጋል ባይ ነኝ። ስለዚህ ሳላስታውቃት እከታተላት ነበር።

ደንበኛ ዘንድ ስትሄድ ስለ ካርቶን ከማንሳቷ በፊት የሥራ ቦታውን ዞራ ታያለች። በትልቁ ደንበኛችን፣ በብስኩት ፋብሪካው፣ እቃ የሚያሽጉት ሴቶች ሁሉ ጣታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው አገኘቻቸው። «ምን ቆረጣችሁ?» ብላ ጠየቀች። የእኛው ካርቶን ጠርዝ ነበር። ባለቤቱም ሴቶቹም አቤት ብለው አያውቁም። እሷ ግን ተመልሳ ቆራጩን ባለሙያ ከማሽኑ ጎትታ ወሰደችውና የሴቶቹን ጣት በዓይኑ አሳየችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይሠራል። ለምን እንደዚህ እንደምትደክም ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ የሚገዙት እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይዘውት የሚውሉት ግን እነሱ ናቸው» አለችኝ። የብስኩት ፋብሪካው ባለቤት፣ ፈገግታ የማያውቁ አዛውንት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ «የኔ ዘመድ» ይሏት ጀመር። ስሙ ቢሮ ድረስ ተከትሏት መጣ፤ ዛሬ «ዘመድ» ካላሏት ዞር አትልም።

የእኔ ልብ ግን አላረፈም። ሰው መውደድና ሰው ማባበል ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ክፉ ቀን ነው።

ክፉው ቀንም መጣ። አዛውንቱ ሞቱ። ዘመድ ቀብራቸው ላይ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ከቀብር መልስ አንድ ነገር ማድረግ ይገባት ነበር። ኮምፒውተሩ ለየደንበኛው በልደቱ ቀን የመልካም ምኞት መልእክት በራሱ ይልካል፤ የሟችን ስም ከዚያ መሰረዝ የእሷ ሥራ ነው። ለሰውየው አለቀሰች፤ ስማቸውን ግን አልሰረዘችም። የሐዘን ወንበሮቹ ገና ከግቢው ሳይነሡ፣ በሟቹ ስልክ ላይ «እንኳን ተወለዱ! ገና ብዙ ዓመት አብረን እንሠራለን» የሚል መልእክት ከነፋብሪካችን ስም ገባ። ስልኩ በባለቤታቸው እጅ ነበር። ሴትዮዋ ቢሯችን ደወሉና «ከእናንተ ዘንድ ማንም ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ዘጉት። የብስኩቱ ፋብሪካ አሁን የእሳቸው ነው፤ የውል ማደሻውም ጊዜ ደርሶ ነበር።

የገበያ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አስጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈጣን ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያችን ብዕርዎን ያንሡና አንድ ጥሩ ይቅርታ ይጻፉልን። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ይበሉ።»

«ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሠራው» አልኩት። «እኔ ለውሸት ብዕር አላውስም።»

«እሺ፣ ደብዳቤው ይቅር።» ወደ ልጅህ ዞረ። «አንቺው ሂጂ። ‹እጄ ስማቸውን ለመሰረዝ እምቢ አለኝ› በያቸው። እሳቸው ያለቅሳሉ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ በቃ ያልቃል።»

«ያምራል» አለች ልጅህ። «ግን እንደዚያ አልሆነም። ረስቼው ነው።»

«ረሳሁ ካልሻቸው ይሄዳሉ። እነሱ ከሄዱ ደግሞ አንቺን እዚህ የማቆይበት አፍ አይኖረኝም። እወቂበት።»

ወንድሜ፣ ያ ሐሰት እንዴት ያማረ እንደነበር ልነግርህ አልችልም! አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማላርምበት ዓረፍተ ነገር ነበር። የፈራሁትም ማማሩን ነው።

ልጅህ ኮሪደር ላይ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ አብረውኝ ይሂዱ።»

«ሄጄ ምን ልበል?»

«ምንም አይበሉ። ብቻ ይቁሙልኝ። አባባ ቢኖር እሱን እለምን ነበር።»

ሄድኩ። በመንገድ ላይ ምክር አልሰጠኋትም። ብመክራት የምትናገረው የእኔን ቃል ይሆናል፤ ለአንተ ልመልስ የተገባኝ ግን የእሷን ነው።

የሟቹ ታላቅ ልጅ የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ተቀበለን። «ደግሞ ዛሬ ምን ልትመኙልን መጣችሁ? አባዬ እንዲያድግ?»

በሩን ጥቂት መለስ አደረገው።

«ማሽኑ ነው በሉና ሂዱ እንግዲህ። ሁሉም የሚለው እሱን ነው።»

«ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለች ዘመድ። «ስማቸውን ከማሽኑ መሰረዝ የኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት።»

እናቱ ከኋላው ብቅ አሉ። ግቡ አላሉንም። «አንቺ፣ ቀብሩ ላይ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ፣ እማማ።»

«አላለቀስሽም?»

«አልቅሻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ እንዴት ይረሳል?»

ያ ያማረው ሐሰት ይኸው ሳይጠሩት ደረሰ፤ መንገዱ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። ከዘራዬን ጨበጥኩ።

«አላውቅም፣ እማማ። ሰበብ ብፈልግ አላጣም፤ የተዘጋጀልኝም ነበር። እውነቱ ግን ረሳሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ምናለ ቢያንስ ዋሽተሽ ብታጽናኚን!» አለ ልጁ።

«አንተ ዝም በል» አሉት እናቱ። ከዚያም እኛን ሳያዩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። «ስልኩ ሲጮኽ አነበብኩት። እንኳን ተወለዱ ይላል። ደስ ይለዋል ብዬ ላሳየው ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ። በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘመድ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን እንዲያዩላት አላደረገችም።

«ስመጣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ያሰብኩት ስለ መልእክቱ ነበር» አለች። «አሁን ስለዚያ በር ነው የምጠይቅዎት።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገቡ። በሩም ተዘጋ። ወደ መኪናው ስንመለስ ግን ከኋላ «ሽማግሌው!» ብለው ጠሩኝና ብቻዬን ተመለስኩ።

ውሉ ይታደስ አይታደስ ይህን ስጽፍልህ ገና አልታወቀም። ልጅህ ለሥራ አስኪያጁ ያለችውንና የሆነውን ሳትሸራርፍ ነግራዋለች፤ እሱም «እናያለን» ብሏታል። ሊያሰናብታት የተነሣ ቀን እኔም ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ አብሬያት እወጣለሁ፤ ይህ ቃሌ ነው። አንተ ግን ስለ አንደበቷ አትስጋ፤ በሰላም እረፍ። እዚህ ላይ ፊርማዬን ማኖር በተገባኝ ነበር። በፋንታው ሴትዮዋ በሩን በእጃቸው ይዘው የነገሩኝን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ሳላርምም አኖርልሃለሁ፦

«ማንም ደጄን አይርገጥ ያልኩት እንደጸና ነው። እሷን ግን ከማንም ጋር አትደምሩብኝ።»