ጸበልና ክኒን በአንድ ሆድ እንዳይገናኙ ለምትጠብቁ ሁለት ክቡራን

ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቆቅ ውኃ፣ ሰቆጣ ዙሪያ

ለቆቅ ውኃ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ለተከበሩ አቶ ጓንጉል፣
ለገደል ሥር ኪዳነ ምሕረት ጸበል አስተባባሪ ለተከበሩ መምህር ገብረ አማኑኤል፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። አቶ ጓንጉል፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ ነፋሻ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ሳንባዎም የጸዳ እንዲሆንልዎ ዘወትር እመኛለሁ። መምህር ሆይ፣ እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ? ድምፅዎ በማይክሮፎኑ ከገደል ገደል ሲያስተጋባ ስለምሰማ በጎ ነዎት ብዬ አምናለሁ። እኔ ከባለቤቴ ሳል በቀር ደኅና ነኝ።

ስሜ ደግሰው ነው። ሰቆጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርሁ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ስለ ራሴ ጉዳይ ግን እስካሁን አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም ነበር። በዚህ ሙያ ከተማርሁት ነገር አንዱ አቤቱታ ለአንድ ባለሥልጣን እንጂ ለሁለት እንደማይጻፍ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሁለት ባለሥልጣናት አሉበት፤ በመካከላቸውም አንዲት ሴት ተኝታለች። አንዳችሁ ከኮረብታው ላይ፣ አንዳችሁ ከገደሉ ሥር፣ በእግር አርባ ደቂቃ ተራርቃችሁ ስትኖሩ አንድም ቀን ተቀምጣችሁ እንዳልተነጋገራችሁ ስለተረዳሁ፣ በዚህ ወረቀት ላይ እንኳ ላገናኛችሁ ደፍሬአለሁ። ምስጋናዬን እንደ ሙያዬ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለቤቴን ትርፌን ባለፈው ጥቅምት ሳል ጀመራት። ላቡ ያሰጥማት ጀመር፤ ቀሚሷም በየሳምንቱ እየሰፋት ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ጤና ጣቢያው አክታዋን መርምሮ የሳንባ ቲቢ መሆኑን ነገረን፤ መድኃኒቱንም ሰጣት። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ትርፌ በየማለዳው ከባለሙያ ፊት ቀርባ ክኒኗን ትውጥ ነበር። ክኒኑን በጀመረች በማግስቱ ሽንቷ ቀላ። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላና ምንም ጉዳት እንደሌለው አስቀድሞ ተነግሯት እንደነበር በመዝገቡ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ በኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የተነገራት በአማርኛ ነው፤ ያውም ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው በሚነገር አማርኛ። እሷ ደግሞ የሚቀናት የአፍ መፍቻዋ ኽምጣናው ነው። ደሜ እያለቀ ነው ብላ ወር ሙሉ ስትፈራ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም። ቢሆንም ምልክቱ በጥሩ እስክርቢቶ የተደረገ ስለሆነ አቶ ጓንጉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃችን ሞታብን ነበር። ያን ጊዜ ትርፌ ከሰው አትነጋገርም፤ እህል በአፏ አይዞርም ነበር። ከዚያ ሐዘን ያወጣት የገደል ሥር ኪዳነ ምሕረት ጸበል ነው። ውኃው ይሁን፣ ጸሎቱ ይሁን፣ አብረዋት ተቀምጠው ያለቀሱት ሴቶች ይሁኑ እኔ አልመረምርም፤ የማውቀው ሱባኤዋን ጨርሳ ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆማ «ማሽላው ታረመ?» ብላ መጠየቋን ነው። ከሦስት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ስትታመም ሁለት ሱባኤ ልግባ ብትል ምን ያስገርማል?

አቶ ጓንጉል፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ እርስዎ ቢሮ ገብታ፣ «ጌታዬ፣ ክኒኑን ስጡኝና እዚያው እየዋጥሁ አሥራ አራት ቀን ልጠመቅ» ብላ ለመነችዎ። እርስዎም «እዚህ የጸበል ቅርንጫፍ የለንም። ወይ ክኒኑን ወይ ጸበሉን ምረጪ» አሏት። ከኋላዋ ተራ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔም በማግስቱ በየማለዳው እየወረድሁ ላስውጣት ፈርሜ ማመልከቻ አስገባሁ። ለሰው የጻፍሁት አብዛኛውን ጊዜ ተፈቅዶ ይመለሳል፤ የራሴ ግን «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል መልስ ይዞ መጣ። መመሪያውን ለማየት ብጠይቅ ሰቆጣ ነው ተባልሁ። ሰቆጣ ብጠይቅ የሰማ አላገኘሁም። መመሪያ እንዲህ ከዓይን ተሰውሮ ሲኖር ክብሩ ይጨምራልና ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለመምህር ነው። ትርፌ ወደ እርስዎ ስትወርድ ምንም አልደበቀችም፤ መድኃኒት መጀመሯንም፣ ሽንቷ መቅላቱንም ነገረችዎ። እርስዎም «ክኒንና ጸበል በአንድ ሆድ አያድሩም፤ እምነትሽን ለሁለት አትክፈይ» አሏት፤ ስለ ሽንቷም «መድኃኒቱ አንጀትሽን እያቃጠለው ነው» ብለው አስረዷት። የተናገሩት ስሕተት መሆኑ ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎ ቢያንስ በኽምጣና ነው የነገሯት።

አሥራ አራቱ ቀን ሁለት ወር ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሳሉ በረድ ብሎላት፣ ፊቷም ወዝ አግኝቶ ነበር። ያን ጊዜ ማይክሮፎኑን አስጨብጠዋት «ክኒኑን ጥዬ ዳንሁ» ብላ መሰከረች፤ ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ሥራውን የጀመረው ወር ሙሉ የዋጠችው ክኒን ሊሆን እንደሚችል ማንም አላሰበም። እኔም እዚያው ነበርሁ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ይህን ከመጻፍ አልሸሽም።

ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ሃምሳ የሚሆን ጸበልተኛ ብርዱን ሽሽት መስኮቱን በጆንያ ደፍኖ በሚተኛበት አዳራሽ፣ ከፃግብጂ ለራስ ምታቷ ከመጣች ባንቺ ከምትባል ደግ ሴት ጋር አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ከረሙ። ባንቺ ልብሷን ታጥብላት፣ ስትስል ደረቷን ትደግፋት ነበር።

አራተኛ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ትርፌ ደም ተፋች። ሰው የላከችብኝ ባንቺ ናት። አራት ጎረቤቶቼን ይዤ በቃሬዛ አቀበቱን አወጣናት። አቶ ጓንጉል፣ እርስዎ ከበር ላይ ተቀብለው «አላልሁሽም ነበር?» አሏት። «ብለውኛል ጌታዬ» አለች፤ ደሟን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። መዝገቡ ሲገለጥ በስሟ አንጻር «ጠፍታ የቀረች» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ ድምጿ እኮ በማይክሮፎን እስከ ጤና ጣቢያው ግቢ ድረስ ተሰምቶ ነበር! የጠፋ ሰው እንዲህ ጮኾ ሲናገር የሰማሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ ወርዶ የሚጠራት ሰው ስላልተገኘ ግን ጠፍታለች፤ መዝገብ አይዋሽምና።

አክታዋ ሰቆጣ ተልኮ ተመረመረ። በሽታው መድኃኒቱን ተላምዷል ተባለ። እንግዲህ ክኒኑ የሚበዛ፣ ጊዜው የሚረዝም፣ ሰውነትን የሚያደክም ሌላ ሕክምና ሊጀመርላት ሆነ። ትርፌ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ «ብውጠው እመቤቴ ትጣላኛለች፤ ብተወው ሐኪሞቹ ይጣሉኛል። ተዉኝ፣ ከማንም ሳልጣላ ልሙት» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የተማርሁት ልመና ሁሉ በዚያች ቀን አለቀብኝ። እግሯን ይዤ ለመንኋት፤ እግሯ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር።

አምስተኛ። አሁን የምጽፈው ሁለታችሁም በደንብ የምታውቁትን ነው። ከጤና ጣቢያው ሲስተር እታገኝ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ቤታችን መጣች። መስኮቱን አስከፍታ ከደጃፉ ተቀመጠችና፣ በተሰባበረ ኽምጣናዋ ትርፌን «መጀመሪያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። «ጸበል» አለች ትርፌ። «እንግዲያው ከጸበሉ እንጀምራለን» አለች ሲስተር።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ኖሯል። ማለዳ በባዶ ሆዷ ጸበሏን ትጠጣለች፤ ቁርሷን ትበላለች፤ ከዚያ ክኒኗን ትውጣለች። ጸበሉን በንጹሕ ጀሪካን እኔ እየወረድሁ አመጣለሁ፤ ክኒኑን ሲስተር በየቀኑ መጥታ ታስውጣለች፤ ምን እንደሚሰማት፣ ምኑ የሚያስፈራ ምኑ የማያስፈራ እንደሆነ አንድ በአንድ ትነግራታለች። የንስሐ አባታችን ደግሞ መጥተው ጾሙን ፈቱላትና፣ «መድኃኒቱን የፈጠረው ማን ሆነና ነው? አማትበሽ ዋጪው» አሏት። እርሳቸው ማይክሮፎን የላቸውም።

ሠላሳ ስምንት ቀን አንድም ሳታጓድል ዋጠች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአልጋዋ ተነስታ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት፤ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ አለቀስሁ።

ይህ መልካም ዜና ለሁለታችሁም ደረሰ። መምህር፣ ክኒን ለሚዋጥበት ቤት ጸበል እንዳይቀዳ አዘዙ። አቶ ጓንጉል፣ ሲስተር እታገኝ ከሙያዋ ውጭ የሆነ ሥራ ሠርታለች ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉባትና ወደ ሌላ ቀበሌ አዛወሯት። ሁለቱም ትእዛዝ የወጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ተነጋግራችሁ የማታውቁ ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ስትስማሙ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ፣ በቆቅ ውኃ ሕዝብ ስም የደስታ መግለጫዬን አቀርባለሁ።

ሲስተር ዓርብ ዕለት ስትሰናበት የአንድ ሳምንት ክኒን አስፈርማኝ ትታልን ሄደች። ትርፌ ግን ጸበሉ ከሌለ አልውጥም አለች። ቅዳሜ አልዋጠችም። እሑድ አልዋጠችም። ሰኞ ማለዳ ጀሪካኑን ከቦኖ ሞልቼ «ጸበል ነው» ብዬ ሰጠኋት። የገደል ሥር ጸበል ብረት ብረት የሚል ጣዕም አለው፤ እኔ ይህን ረስቼዋለሁ፤ እሷ አልረሳችውም። አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ብርጭቆውን አስቀመጠችና አየችኝ። «አንተም ጀመርህ?» አለችኝ። ክቡራን ሆይ፣ እናንተ የተናገራችሁትን ሁሉ ችዬዋለሁ፤ ይህቺን ግን እንዴት እንደምችላት አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ ባንቺ አቀበቱን ወጥታ መጣች። ከነጠላዋ ሥር አንድ ጠርሙስ ጸበል ደብቃለች። ትርፌ ጠጣች፤ ቁርሷን ቀመሰች፤ ክኒኗን ዋጠች። ባንቺ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትስል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ነው የጀመረኝ አለችኝ። ተመርመሪ ብላት «ከዚያስ ምረጪ ቢሉኝ ምን ልመልስ?» አለች። ጠርሙሱ ቅዳሜ ያልቃል፤ ክኒኑ ሰኞ።

ስለዚህ ሽሙጤን እዚህ ላይ አቁሜ እለምናችኋለሁ። መምህር ሆይ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ይፍቀዱልን፤ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቀውን እመቤታችን ለማንም አልከለከለችውም። አቶ ጓንጉል ሆይ፣ ሲስተርን ይመልሱልን፤ አለዚያም ሌላ ባለሙያ ይላኩ፤ ወደ አዳራሹም ሰው ወርዶ እነባንቺን ይመርምር፤ በገባቸው ቋንቋ ያነጋግራቸው። ጸበል እንዲያምኑ አልጠየቅሁዎትም፤ መምህርንም ክኒን ይዋጡ አላልሁም። ትርፌ ሁለቱንም ታምናለች፤ የሁለታችሁንም ድርሻ እሷ ችላላችኋለች። እናንተ ከበሩ ላይ ዞር በሉላት ብቻ። እንድትመርጥ አታድርጓት፤ አንድ ጊዜ መርጣ አይተናል።

የመመሪያችሁ ጥላ ያስጠለለው፣ የትእዛዛችሁ ነፋስ ያነፈሰው፣ ከሁለት ደጅ ተመልሶ በሦስተኛው ደጅ፣ በሕዝብ ፊት የቆመው፣ የሁለታችሁንም መልስ እስከ ቅዳሜ በትዕግሥት፣ ከቅዳሜ በኋላ ግን ያለ ትዕግሥት የሚጠብቅ፣

ራፖር ጸሐፊ ደግሰው፣ የትርፌ ባል

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንዱ በጸበሉ መግቢያ በር ላይ ተለጥፏል። ትርፌ ይዘቱ በኽምጣና ተነቦላት በሁለቱም ላይ የአውራ ጣቷን አሻራ አሳርፋበታለች። በሽታው በወረቀት እንደማይተላለፍ ሲስተር እታገኝ አስተምራናለች፤ ሆኖም ወረቀቱን ስትቀድዱት የምትሠጉ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ። በየትኛው ውኃ እንደምትታጠቡ መመሪያችሁን ጠይቁ።