ራንታካሪ «ለቀቁ» ይባልልኝ

ቀን፦ ኦክቶበር 23 ቀን 2019

ለ«ቱሊራንታ» ሕንፃ የቤት ባለቤቶች ማኅበር
ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ኢልማሪ ኩልማላ
ኮትካ

ጉዳዩ፦ አቶ ታቬቲ ራንታካሪ ከሳውና ተራ ዝርዝር ሲሰረዙ «ያልነበሩ» በሚለው ፈንታ «የለቀቁ» ተብሎ እንዲለጠፍ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የኦክቶበር 16ቱ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ነዋሪ፣ አንዴ እንደ ጸሐፊ። እንደ ነዋሪ ጥፋቴን አምኜ ቅጣቴን ተቀብያለሁ። በሕንፃው የጋራ እንፋሎት መታጠቢያ ያለኝ የቅዳሜ የሳውና ተራዬ እስከ አዲሱ ዓመት መታገዱም ይገባኛል። እንደ ጸሐፊ ግን ከደብዳቤው አንድ ቃል ሊዋጥልኝ አልቻለም። አቤቱታዬ በዚያው ቃል ላይ ብቻ ነው።

ሰኞ ኦክቶበር 28 በአሳንሰሩ አጠገብ የሚለጠፈው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «በሳውና ተራ ዝርዝር ላይ የነበሩት አቶ ታቬቲ ራንታካሪ ያልነበሩ ሰው ሆነው ስለተገኙ ስማቸው ተሰርዟል»። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰውየው ነበሩም፣ አልነበሩምም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አርታኢዬ ዘንድ ብቀርብ ወንበር እንኳ አትሰጠኝም። ይሁን እንጂ የምጽፈው ስለ አጻጻፍ ስልት ለመከራከር አይደለም። ማስታወቂያው በዚህ መልኩ ከተለጠፈ የሚጎዳ ሰው አለ። ይህን ኦክቶበር 9 ቢሮዎ መጥቼ ስናዘዝ አልተናገርኩም፤ አሁን በዝርዝር አቀርባለሁ።

1. እኔ አመልካች ኬርቱ ሲልታላ በሦስተኛው ፎቅ፣ በቁጥር 14 ለሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ ስሆን ሥራዬ ልብ ወለድ መጻፍ ነው። ስድስት መጻሕፍት አሳትሜያለሁ። ከእነዚህም ሦስቱን የከተማችን ቤተ መጻሕፍት አሁንም ያውሳል። የቀሩት ሦስቱ የት እንዳሉ አልጠየቅኩም።

2. የአሠራር ልማዴን መግለጽ ግድ ይለኛል፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነውና። አንድን ሰው በወረቀት ላይ ከማቆሜ በፊት ስሙን ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ጽፌ አቆየዋለሁ። የሦስተኛው መጽሐፌ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ስም አንድ ክረምት ሙሉ በብስክሌት ማቆሚያው ላይ ተለጥፎ ነበር። አላፊ አግዳሚው ካልሳቀበትና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ካላለ ስሙ በስሏል ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 2017 የቁጥር 11 ነዋሪ ሲለቅ የሐሙስ የሳውና ተራው፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ያለው፣ ባዶ ሆነ። እኔም በልብስ ማጠቢያው በር ላይ ከተሰቀለው ዝርዝር በባዶው ቦታ «ራንታካሪ» ብዬ ጻፍኩ። ለአንድ ሳምንት ነበር ያሰብኩት። አቶ ራንታካሪ የጀመርኩት ልብ ወለድ ሰው ናቸው፤ የሰባ አራት ዓመት ሰው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በወደቡ ክሬን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ያኔ አርባ ገጽ ጽፌላቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከወንበራቸው አልተነሡልኝም ነበር።

ሐሙስ ሲደርስ ወርጄ ሳውናውን አሞቅሁ። እኔ ታችኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ላይኛውን ለእሳቸው ተውኩ። የወደብ ሰው ናቸውና ታች አይቀመጡም። በእንፋሎት ውስጥ ወረቀት ስለማይያዝ ያሰብኩትን በቃሌ ይዤ እወጣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ የረሳሁት ዓረፍተ ነገር ካለ መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር። ከመውጣቴ በፊት አግዳሚውን አጠብኩ፣ ባልዲውንም ሞላሁ፤ አቶ ራንታካሪ ይህን ሳያደርጉ የሚወጡ ሰው አይደሉም። በዚያ ምሽት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይዤ ወጣሁ፤ በሚቀጥለው ሐሙስም ወረድኩ። አንድ ሳምንት የተባለው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ።

3. በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ ራንታካሪን ያየም የሰማም የለም። በር በኃይል አልዘጉም፣ የሰው ልብስ ከማድረቂያው አላወረዱም፣ ደረጃ ላይ አቁመው ስለ አየሩ አላወሩም። በሕንፃችን ዝም አይነቅዝም። ባለፈው ኤፕሪል በተደረገው ዓመታዊ ስብሰባ የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ቨሳ ሊንድሩስ ተነሥተው «ራንታካሪ የተባረከ ጎረቤት ነው፤ አንድ ቀን ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም፤ እንደ እሱ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አሉ። አቶ ራንታካሪም ባለመገኘታቸውና ባለመቃወማቸው ተለዋጭ የቦርድ አባል ሆነው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ሙሉ ድምፅ ሲባል የእኔም እጅ እንደ ነበረበት አልክድም። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ነገር ግን ለገጸ ባሕርዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግለት አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

በሴፕቴምበር አንድ የቦርድ አባል ወደ ቱርኩ ከተማ ሲዛወሩ አቶ ራንታካሪ በቦታቸው ሙሉ አባል ሆኑ፤ የቧንቧ ጥገናው ቃለ ጉባኤም ለፊርማ በሳውናው ልብስ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎላቸው ተገኘ። እኔ ሰው እፈጥራለሁ እንጂ ፊርማ አላስመስልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ቃለ ጉባኤውን ባዶውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ፣ የሆነውንም ተናገርኩ። እስከዚህ ያለውን ያውቁታል።

4. ያልነገርኩዎት የቁጥር 7ዋን ወይዘሮ ሂልያ ኩውሲስቶን ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሳውና ተራቸው ሐሙስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም ከአቶ ራንታካሪ ቀጥሎ ነው።

ራንታካሪ ዝርዝሩ ላይ በገቡ በአምስተኛው ሳምንት በልብስ መስቀያው ላይ አንዲት ወረቀት አገኘሁ። «ጎረቤቴ፣ ባልዲውን ስለሞሉልኝ አመሰግናለሁ። ድሮ ቀዝቃዛ ሳውና ነበር የምገባው። ሂልያ ኩውሲስቶ፣ ቁ. 7» ትላለች። አቶ ራንታካሪ ለሦስት ሳምንት አልመለሱም፤ የሚያስቡበት ሰው ናቸው። ከዚያ «ምንም አይደል» ብለው መለሱ። ይህችን ለመጻፍ አሥራ አንድ ረቂቅ ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ባሕሩም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ወረቀቷ በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። በአራተኛው ወር «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። ወይዘሮ ሂልያ ስለ ሟቹ ባላቸው ስለ ታውኖ ጻፉ፦ «አርባ ዓመት አብረን ኖረን አንድ ቀን ባልዲ ሞልቶልኝ አያውቅም፤ ሲሞት ግን ባዶው ባልዲ ራሱ አስለቀሰኝ»። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ፀጉሬን አበጥሬ ወደ ሳውና የምወርድ ሞኝ ሆኛለሁ፤ በማን ምክንያት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አሉ። አንድ ሐሙስም «ምነው ኮሪደር ላይ እንኳ አንገናኝም?» ብለው ጠየቁ። አቶ ራንታካሪ «አፋር ነኝ» አሉ። ይህ መልስ ለሁለታችንም እውነት ነበር።

ከእነዚህ ወረቀቶች አንድም ዓረፍተ ነገር ወደ መጽሐፌ አልሰረቅኩም። አቶ ራንታካሪ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። በምዕራፍ ሦስት መስኮት ከፈቱ፣ በምዕራፍ አምስት ጫማ ገዙ። ሠላሳ ዓመት ስጽፍ አንባቢ የሚባለው መጽሐፉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

5. ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ወይዘሮ ሂልያ በየማለዳው ጋዜጣቸውን ለመውሰድ ወርደው በአሳንሰሩ በኩል ያልፋሉ። ስለ ወረቀቶቹም ለአራተኛ ፎቅ ነዋሪዎች እንደነገሯቸው አውቃለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። «ያልነበሩ» ተብሎ የተለጠፈ ዕለት እሳቸው ሁለት ዓመት ተኩል ከባዶ አግዳሚ ጋር ሲጻጻፉ የኖሩ አሮጊት ይሆናሉ። ይህን ያደረግኳቸው እኔ ነኝ፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ከግድግዳ ላይ ሳያነቡት እኔው ልነግራቸው ባለፈው እሑድ የመጽሐፌን ረቂቅ ይዤ ወደ ቁጥር 7 ወረድኩ። ድንች እየላጡ ነበር። ብዙ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «ወይዘሮ ሂልያ፣ ራንታካሪ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚል ሆነ።

ሁለት ድንች ልጠው ጨረሱ።

«ባልዲውንስ ማን ነበር የሚሞላው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «አግዳሚውንስ?» እሱንም እኔ አልኩ። «እንግዲያው የሆነ ሰው ነበራ» አሉና ቢላዋውን አስቀመጡ። ቀጥለውም «አፈር ብይ አንቺ። የታውኖን ነገር ያን ሁሉ ስነግርሽ፣ ጠዋት ደረጃ ላይ ስታገኚኝ ‹ደህና አደሩ› ብለሽኝ ታልፊያለሽ?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ስለ ሥራዬ ክፉ የተጻፈብኝ ቀን እንኳ እንዲያ አላፈርኩም።

ድንቹ እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ ነው መጽሐፉ እንዴት እንደሚያልቅ የጠየቁኝ። አቶ ራንታካሪ በምዕራፍ ሃያ፣ በፌብሩዋሪ፣ ወደቡ ዳር ልባቸው ቀጥ ብሎ እንደሚሞቱ ነገርኳቸው። የተጻፈ ባይሆንም ከጅምሩ የታሰበ ነው።

«አትገድዪውም» አሉ። «አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ታሪኩ ማለቅ እንዳለበት፣ አርታኢዬም ዓመት ሙሉ እንደጠበቀችኝ አስረዳኋቸው።

«ሰው ካልሞተ አያልቅም እንዴ? ምን ዓይነት ሙያ ነው የያዝሽው? ሰው ቤት ይለቃል። ዕቃውን ይጭናል፣ ቁልፍ ይመልሳል፣ ይሄዳል። አለቀ።»

«የለቀቀ» የሚለው ቃል ከዚህ የተገኘ መሆኑን ለቢሮው አስታውቃለሁ። የእኔ አይደለም። ስድስት መጻሕፍት ጽፌ በአምስቱ መጨረሻ ሰው ገድያለሁ፤ ሰው መልቀቅ እንደሚችል አልታየኝም ነበር። ምዕራፍ ሃያን ሰኞና ማክሰኞ ጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ ሂልያ አነበብኩላቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «እንዲህ አይልም» ብለው አሰረዙኝ።

6. በመሆኑም ከዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሀ) የሰኞው ማስታወቂያ «አቶ ታቬቲ ራንታካሪ የሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተራቸውን ለቀዋል» ተብሎ እንዲለጠፍ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የለም። ተራው የተያዘው በስማቸው ነበር፤ ከእንግዲህ አይያዝም። «ስለሆነም» የሚለውን ቃል ባይጨምሩበት ደግሞ ውለታዎን አልረሳም፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ስድስት ቦታ አለና።

ለ) ተራው ከበጋ ጀምሮ ሲጠይቁ ለነበሩት፣ ሕፃን ለወለዱት ለቁጥር 3 ባልና ሚስት እንዲሰጥ።

ሐ) የቦርድ አባልነታቸው በፈቃዳቸው እንደተዉት ተቆጥሮ እንዲዘጋ። የስንብት ደብዳቤውን እኔ መጻፍ እችላለሁ፤ መፈረም ግን አልችልም። አቶ ሊንድሩስ በአቶ ራንታካሪ መልቀቅ ማዘናቸውን ሰምቻለሁ፤ ሐዘናቸውን እጋራለሁ።

መ) የማኅበሩ የመልቀቂያ ቅጽ «አዲስ አድራሻ» የሚል መስመር አለው፤ በደንቡ መሠረትም ባዶ መተው አይቻልም። በዚህ መስመር እሑድ ዕለት ሁለታችንም ብዙ ተቸግረን ነበር። እኔ የባሕር ማዶ ከተማ ሁሉ ጠራሁ። ወይዘሮ ሂልያ «ሩቅ ነው፣ ሰውየው አፋር ነው» እያሉ አልተቀበሉኝም። በመጨረሻ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሞሉት፦ «ሐሙስ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ኩውሲስቶ ዘንድ»።

በሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ባለተራ በተራው እንግዳ ማስገባት ይችላል። እንግዳው በነዋሪዎች መዝገብ መገኘት አለበት የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም። ሦስት ጊዜ አንብቤ አረጋግጫለሁ።

ለእኔም ታችኛው አግዳሚ ላይ ቦታ እንዳለ ወይዘሮ ሂልያ በቃል አሳውቀውኛል። ይቅር አሉኝ ማለት አይደለም፤ ይህንንም በቃል አሳውቀውኛል። ባልዲውን መሙላት የእኔ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

የቢሮዎን መልስ እስከ ዓርብ በተስፋ የምጠብቅ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ኬርቱ ሲልታላ፣ ቁጥር 14 (ፊርማ)

ስለ አቶ ታቬቲ ራንታካሪ፦ (ፊርማ የለም)

አባሪ፦ የመልቀቂያ ቅጽ፣ አንድ ገጽ

ምስክር፦ ሂልያ ኩውሲስቶ፣ ቁጥር 7 (ፊርማ)
በምስክሯ እጅ የተጨመረ፦ «ነበረ።»