የሟቹ ዳገት

ጥር 12

ሐዲድ ስወለውል ዋልኩ። ወገቤ ተቆርጧል። ሐዲዱ አቧራ ከያዘ ባቡሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም፣ ይንገጫገጫል። ያኔ "ማነው የወለወለው?" ይባላል። ደህና ሲሄድ ግን ማን ወለወለው የሚል የለም።

አንዲት መንገደኛ ሴትዮ በመጋዘኑ በር አንገቷን አስግጋ አየችን። መስመሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል፤ ፉርጎዎቹ ክንድ ክንድ ያህላሉ። "አሻንጉሊት ነው?" አለች። የትንንሽ ባቡር ማኅበራችን ሊቀመንበር ፋርማሲስቷ ናት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ባሌን ዕድሜ ልኩን እንዲህ ስለው ነው የኖርኩት። አሁን ራሴው እዚህ...

ጥር 19

ስብሰባ ነበር። ረጅሙ ባቡር ዳገቱን ሳይከፈል ወጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ለሁለት ቆርጠን ነው የምናወጣው። ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ተነሳ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲናገርም መሪ የያዘ ይመስላል። ወንድሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳገቱን ከልክ በላይ ቀጥ አድርጎታል፤ ይፍረስና ሜዳ ይሁን አለ። ብዙዎቹ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፋርማሲስቷ አስታረቀች። አንድ ጊዜ ይሞከር። ረጅሙ ባቡር ሳይከፈል ከወጣ ዳገቱ ይቆያል። ካልወጣ መዶሻ። ከፊት ጎታቹን ሞተር ዋርሳዬ ይነዳል። ከኋላ ገፊውን እኔ። የሌሎቹ እጅ ይቸኩላል።

"የሟቹ ዳገት" ይሉታል ሁሉም። ሐዲዱን እሱ ዘረጋ፣ እሺ። ተራራውን ማን ሠራው? ጀሶውን ማን በጠበጠ? ጨርቁን እየነከረ በሽቦው ላይ ማን አለበሰ? እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ትንሽ ወደ ግራ" ይል ነበር።

በቀብሩ ቀን ዋርሳዬ በሰው ሁሉ ፊት "ወንድሜ በገዛ እጁ ያቆመው ተራራ" ብሎ ተናገረ። እኔ እዚያው ቆሜ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዋርሳዬ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም።

ለምን አልተናገርኩም? ምን ብዬ? ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። ማን ጠየቀኝ?

የካቲት 3

ልምምድ። ትእዛዙ በወረቀት ይመጣል፣ ነጂው ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ ይነሳል። ማንበብ የማይችል አይነዳም። ሕጉን ያወጣው ባሌ ነው። ማንን ለማስቀረት እንደሆነ አላጣሁትም። እሱን ቀብሬ ነው ማታ ትምህርት ቤት የገባሁት፣ የልጅ ልጅ ከሚሆኑኝ ጋር። "ከጣቢያ ተነስ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቁም" ብዬ ሳነብ ልብስ ሰፊው አጨበጨበ። አታጨብጭብልኝ አልኩት።

ልብስ ሰፊው የመስመር ተቆጣጣሪ ነው፤ መሀል ከፍ ብሎ ቆሞ ያዝዛል። እኔና ዋርሳዬ ስለማንነጋገር ሥራው እጥፍ ሆኖበታል። "ልነሳ ነው በላት።" "ይነሳ በለው።" ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ እያለ ያማርራል። ይበለው።

የካቲት 10

ዋርሳዬ ባቡሩን ቀጣጥሎ ጨረሰ። አዳዲሶቹን ቀይ ፉርጎዎች ከፊት አደረጋቸው። ለዓይን ያምራሉ። ግን ባዶ ናቸው። ጠጠር የተሞሉት ከኋላቸው። ዳገቱ መሀል ባለው ኩርባ ላይ ጎታቹ ከፊት ሲስብ፣ ከባዱ ከኋላ ሲይዝ፣ ቀላሉ መሀል ተወጥሮ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ይሄ እንዴት ጠፋው?

አየሁ። አፌን አልከፈትኩም። ከኋላ አጥብቄ ከገፋሁ መወጠሩ ይላላል... እኔ አወጣዋለሁ። እሱን ከማናግር።

የካቲት 11

ወደቀ።

እስከ ኩርባው ደህና መጣን። መቆጣጠሪያውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እንደገባን ዋርሳዬ ፍጥነት ጨመረ፤ "ግፊ በላት" ማለቱን ከንፈሩን አይቼ አወቅኩ። ልብስ ሰፊውን ጉንፋን ይዞት ሳል ጀምሮታል። አፉን በመሀረብ ይዞ እጁን ያወናጭፋል። አይቻለሁ እኮ። ግን ከልብስ ሰፊው አፍ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ለምን ጠበቅኩ?

ቀዮቹ አንድ በአንድ ተጋደሙ። ጠጠር የያዙት ተከትለው ወርደው የተራራውን ጎን በረቀሱት። ጀሶው ተሰነጠቀ። ጠጠሩ እስከ በሩ ተንከባለለ።

ፋርማሲስቷ "በቃ፣ ታየ" አለች።

ልብስ ሰፊው ፉርጎ ሊያነሳ ጎንበስ አለና እንደጎነበሰ ቀረ። በቀዳዳው አረንጓዴ ጨርቅ ይታያል፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት። በጣቱ ጠርዙን ዳሰሰ።

"ይቺ ስፌት የኔ ናት" አለ። ዞሮ አየኝ። "ያቺ ቀሚስሽ የት ገባች ስልሽ ጠበበችኝ አላልሽኝም?"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ባሌ ነበር ቁም ሣጥኔን የከፈተው። ጆንያ ይከብዳል፣ ስስ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው ብሎ። ሌላ እገዛልሻለሁ አለ። አልገዛም። የነከርኩት ግን እኔ ነኝ፣ እጥፋት በእጥፋት።

ዋርሳዬ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

"እትዬ፣ ተራራውን አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

"እሱ ራሱ ነው በእጄ ሠራሁት ያለኝ። ቀብሩ ላይ እኔ የነገረኝን ነው ያወራሁት።"

ወጥቼ ሄድኩ።

የካቲት 12

ይሄን ሁሉ ዘመን የተኮራረፍኩት ከማን ጋር ነው? የሞተ ሰው ይኮረፋል?

የካቲት 18

ዋርሳዬ እቤት መጣ። የጀሶ ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ። አላስገባሁትም፣ በር ላይ አቆምኩት። ፋርማሲስቷን ለምኖ አንድ ጊዜ እንደገና እንድንሞክር አስፈቅዷል። ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ከወደቀ በማግስቱ ይፈርሳል።

"ባዶዎቹን ወደ ኋላ አድርጋቸው" አልኩት።

"ማየትሽን አውቄ ነበር። ፉርጎዎቹን እያየሽ ራስሽን ስትነቀንቂ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ማን ሊያናግርሽ ይችላል?"

ከረጢቱን ተቀበልኩት። ይቅርታ አላለም። እኔም አላልኩም።

የካቲት 25

ጎኑን ጠግኜ ጨርሻለሁ። መዳፍ የምታህል ቦታ ግን ሳልለስን ተውኩ። አረንጓዴው ይታይ። ፋርማሲስቷ ተራራ ላይ አበባ ያለው ጨርቅ ምን ይሠራል አለች። አንድ ማሰሮ ጀሶ ተርፎኛል፣ ከፈለግሽ ራስሽ ልሰኚው አልኳት። ተወችው።

ዛሬ በሙከራው ባዶዎቹ እኔ አጠገብ ነበሩ። ትንሽ ግፊት ካበዛሁባቸው ይጎብጡና ከሐዲድ ይወጣሉ። ግፊቱ ከሳሳ ከፊት ይበጠሳል።

"እትዬ፣ ልነሳ?" አለ ከማዶ። በራሱ አፍ።

"ተነስ።"

ኩርባው ላይ የመሀለኛው ፉርጎ ጎማ ከሐዲዱ ብድግ ሲል አየሁ። "ቀንስ" አልኩት። ቀነሰ። ለስለስ አድርጌ ገፋሁ። ጎማው ተመልሶ ተቀመጠ። ጎታቹ ከጫፉ አለፈ፣ ከዋሻው ገባ፤ የኔ ግን ገና ዳገቱ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው ከላይ ሆኖ ጠራኝ። የሟቹን ዳገት ጨረስሽ ወይ የሚል ነበር የመሰለኝ።

"ገፊ፣ ቀሚሱን አለፍሽ?" አለ።

"አለፍኩ" አልኩ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ዳገቱ ይቆያል። ቤት ስገባ የባሌን ፎቶ ግድግዳው ላይ አየሁት። ቀሚሴን አልገዛህልኝም አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐዲዱን የሚወለውለው ዋርሳዬ ነው። የመወልወያውን አልኮል አታብዛ ብዬዋለሁ።