ለሦስት ወር ብለው የገቡበት ቤተ መጻሕፍት

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1948 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተከትለዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ስድስት ሰውና አንድ የስፌት መኪና አብረው ያድሩ ስለነበር፣ እትዬ ማንበብ የለመዱት መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ያነብቡ የነበረውም መጽሐፍ ሳይሆን በአውቶቡሶቹ ግንባር ላይ የተጻፈውን የከተሞች ስም ነበር። «አንድ ቀን ሁሉንም አዳርሳቸዋለሁ» ይሉ እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በከተማችን አጠናቀው፣ በ1967 ዓ.ም. ዋናው ከተማ ወዳለው የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት አለፉ። ትምህርቱ እስኪጀመር እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብለው፣ ለወሊድ የወጣችውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለሦስት ወር ተክተው ሊሠሩ ገቡ። ሁለተኛው ወር ሳይሞላ አባታቸው ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጡ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው። ለወሊድ የወጣችውም ሴት ባሏን ተከትላ አገር ለቀቀች። ወንዶቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ፤ የእናታቸው ደሞዝ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ያ ሦስት ወር አርባ አንድ ዓመት ሆነ።

ቤተ መጻሕፍቷ ድሮ የማዘጋጃ ቤቱ እህል መጋዘን ነበረች። ረጅም ክፍል፣ የብረት በር፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ፍርግርግ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት። ሰማይ ለማየት ወንበር ላይ መውጣት ያስፈልጋል። እትዬም ወንበር ላይ ቆመው ሲገኙ «አቧራ እየጠረግሁ ነው» ይሉ ነበር፤ እጃቸው ላይ ግን መጥረጊያ አይታይም።

ከተማው ሁሉ የሚያወራላቸው ፕሮግራሞች ከመጽሐፍ ፍቅር ብቻ የተወለዱ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እሳቸው ግን አልደበቁንም። «ከግድግዳ ጋር ሳወራ አንድ ቀን ግድግዳው እንዳይመልስልኝ ፈርቼ ነው ሰው የጠራሁት» ይሉ ነበር። በመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን ሰብስበው ተረት ማንበብ ጀመሩ። ቀጥሎ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ እናቶች በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ አይተው፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉት የረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ከፈቱ። ጡረተኞቹ ደግሞ ከፀሐይ ሸሽተው ገቡና የቼዝ ጠረጴዛ አገኙ። ቼዝ የዝምታ ጨዋታ ነው የሚል ሰው የእኛን ጡረተኞች አላየም። አንዱ ንጉሥ በተከበበ ቁጥር ክፍሉ ገበያ ይሆናል። እትዬ ያኔ «ዝም በሉ!» ሲሉ ልጆቹ ከወንበራቸው ይዘሉ፣ መናኸሪያ የቆመ ሾፌር ሳይቀር ዞር ይል ነበር። እትዬ ዝምበሉ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። ዝምታን በጩኸት የሚያስከብር ሰው ከእሳቸው በቀር አላየንም።

በ1971 ዓ.ም. አንድ መንገድ ቀያሽ ወደ ከተማችን መጡ። ጋዜጣ ለማንበብ ይገቡና ያንኑ ገጽ ሳይገልጡ እስከ መዝጊያ ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ተዋደዱ፤ ለመጋባትም ተነጋገሩ። መንገዱ ሲያልቅ አብረው ሊሄዱ ቀያሹ ቢለምኗቸው፣ እትዬ «አባቴን ማን ያገላብጣል?» ብለው መለሱ። ቀያሹ አንድ ዓመት ጠበቁ። ከዚያ መንገዱ አለቀ፤ እሳቸውም ሄዱበት። እትዬ ሌላ ሰው አላገቡም።

በ1979 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሕፃናት ጥለው በድንገት አረፉ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ያቺ ሴት ልጅ ናት። እትዬ እናት ሆነው አሳድገውናል። አባታቸውንም እናታቸውንም በዚያችው ቤት ጦረው ቀብረዋል።

እኛ ልጆቹ ከፍ ካልንና የእሳቸው ወላጆች ካለፉ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. እትዬ ዋናው ከተማ ወዳለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ዝውውር ተፈቀደላቸው። ስንት ጊዜ አመልክተው «ተተኪ እስኪገኝ ይታገሡ» ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ የዚያን ቀን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋ ላይ ዘለሉ። ቅዳሜ ዕለት የስንብት ዝግጅት ተደረገ። የረቡዕ እናቶችና የቼዝ ጡረተኞቹ አዋጥተው ሻንጣ ገዙላቸው። ሽንኩርት ሻጯ የረቡዕ ተማሪያቸው በገዛ እጇ የጻፈችውን ምርቃት ቆማ አነበበች።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ለማስረከብ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ኃላፊው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልን። ክፍሏን ለሲሚንቶ ማስቀመጫ ፈልገናታል» አሏቸው።

«መጻሕፍቱስ?»

«በካርቶን ይታሰራሉ።»

«ልጆቹስ? የረቡዕ ሴቶቹስ?»

«ተተኪ ሲገኝ እናስብበታለን።»

እትዬ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ መልሰው አነሡ። ቤት ገብተው የታሸገውን ሻንጣ እያሳዩ ለእኛ ያሉን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ልብሴን አውጡት።» ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ለወላጆቻቸው ያለቀሱትን ያህል አለቀሱ ብንል አናጋንንም።

የቀሩት በደስታ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ጡረተኞቹ ሊያመሰግኗቸው ሲመጡ እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እናንተ ሰዎች አመስግናችሁ ልትገድሉኝ ነው! ከመካከላችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አንድ ጠረጴዛ የሚመታ ወንድ ጠፋ?» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ገቡና ቼዛቸውን ዘረጉ። አዲሱ ሻንጣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሠሩት ድራማ የልብስ ማስቀመጫ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሥራቸውን እንጂ ቃላቸውን አልሰጡንም። ቅዳሜ ለልጆቹ ያነብባሉ፣ ቤት ሲገቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። አንድ ቀን ሽንኩርት ሻጯ በድፍረት፣ «እትዬ፣ ባይቀሩ ኖሮ ይሻልዎት ነበር። አይቆጭዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ይቆጨኛል እንጂ፣ ለምን አይቆጨኝም! ሰኞ ይቆጨኛል፣ ማክሰኞ ይቆጨኛል። ረቡዕ ግን ሥራ ይበዛብኛል» አሏት።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ቁልፉ ግን ከእጃቸው አልወጣም፤ የሚረከባቸው አልነበረም። ልባቸው እስኪደክም ድረስ ያንኑ የብረት በር ሲገፉ ኖሩ።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጠንቶባቸው ለሕክምና ወደ ዋናው ከተማ ወሰድናቸው። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ትልቁን ቤተ መጻሕፍት ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩን። በተሽከርካሪ ወንበር አስገባናቸው። ብርሃኑ ከአራቱም ማዕዘን ይገባል፤ መስኮቶቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ናቸው። እትዬ መጽሐፍ አላነሡም። አንዱ መስኮት ሥር ሆነው ከታች የሚያልፈውን መኪናና ሰው ሲመለከቱ ዋሉ። «እትዬ፣ ደከመዎት፣ እንሂድ» ስንላቸው፣ «ተይኝ ልጄ፣ ትንሽ ልቀመጥበት» አሉ። በሩ እስኪዘጋ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ዋሉ። መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው አጠገባቸው እያለን አረፉ። ሁለት ወንድሞች፣ ያልወለዷቸው ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ፊደል ያስቆጠሯቸው ሴቶችና ቅዳሜ ቅዳሜ ያሳደጓቸው ልጆች ተርፈዋቸዋል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ከሩቅ ከተሞች መጥተው አብረውን ቆመዋል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን በስማቸው ለመሰየም መወሰኑን ትናንት ሰምተናል፤ ስለ አሳቢነቱ ከልብ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ እትዬ ይህ እንደሚመጣ ቀድመው ገምተው፣ «ስሜን እዚያ ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት፤ በቁሜ የተሰቀልኩበት ይበቃኛል» ብለው አደራ ሰጥተውናል። በስያሜው ፈንታ ቤተሰቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለት ሠራተኛ ቅጠሩ። አንዷ መሄድ ስትፈልግ ሌላዋ እንድትሸኛት።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ ሰፊ በሆነ፣ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።